ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ቱሉ ጉዶ ደሴት አደርን፤ የአሳዳሪዎቻችንን ውለታ እንዴት እንመልስ?

የእማማ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ በመጨረሻ ለማቀርበው ጥያቄ ግን ዝርዝሩ ስለሚያስፈልግ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጃችን፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃችንና ሰባ ዓመት ያለፋት እናቴ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ሐዋሳ እንጓዝ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። ሐዋሳ ላይ ለሁለት ሌሊት የምናርፍበትን ክፍል ከፍለን ይዘናል። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ባቱ ስንደርስ (እናቴ እስከ ዛሬ «ዝዋይ» እንጂ «ባቱ» ብላ አታውቅም) ቁርስ ለመብላት ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ቆምን። ልጆቹ የዓሣ ሾርባቸውን ሎሚ ጨምቀውበት ሲጠጡ እናቴ የራሷን ሳትነካ ሐይቁን ስታይ ቆየችና «እዚህ ድረስ መጥቼማ ስለቴን ሳላደርስ አልመለስም» አለች። የምን ስለት እንደሆነ ስንጠይቃት መልስ አልሰጠችንም፤ ሾፌሩን የመኪናውን የኋላ ክፍል እንዲከፍት አዘዘችው። ከሻንጣዎቹ ሁሉ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ፣ ዙሪያው በወርቅማ ዘርፍ የተከፈፈ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ ተኝቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃችን ጊዜዋ ሳይደርስ ነው የተወለደችው፤ ሰባት ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ በማሞቂያ ቆይታለች። እናቴ ያን ጊዜ «ይህችን ሕፃን ካተረፍሽልኝ ጃንጥላ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ» ብላ ለዝዋይ ጽዮን ተስላ ኖሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የሐዋሳውን ጉዞ በስልክ ስንነግራት ለምን እንደዚያ ደስ እንዳላት የገባኝ መኪናው ኋላ ቆሜ ጃንጥላውን ሳይ ነው።

ቱሉ ጉዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሟ ደብረ ጽዮን፣ በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ከባቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሾፌሩን ከመኪናው ጋር ትተን የሞተር ጀልባ ተኮናተርን። ሐይቁ ጸጥ ያለ ስለነበር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄደን ደረስን። ባለ ጀልባው «ጋሼ፣ ሐይቁ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነሣል፤ ቶሎ ብላችሁ ውረዱ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔም በጥሞና ሰማሁት፤ እናቴ ግን እንኳን ለነፋስ ለእኔም የምትቸኩል ሴት አይደለችም።

ከጀልባ እንደወረድን ልብስ ታጥብ የነበረች አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣች፤ እናቴን ክንዷን ደገፍ አድርጋ ያዘችና «እማማ፣ ለስለት ነው የመጡት?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ የመራችን እርሷ ናት። ዳገቱ በድንጋይ እርከን ተይዞ ይታረሳል፤ እናቴ ጉልበቷ ስለሚያማት እርከን በደረስን ቁጥር እናርፋለን፤ ባረፍን ቁጥር አንድ ሰው ከማሳው ወጥቶ ሰላም ይለናል፤ እናቴም ከየት እንደመጣችና የማን ልጅ እንደሆነች ትናገራለች፤ በዚህ ሁኔታ ግማሽ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው ጸሎት አደረሱና ዘረጉት። ልጄንም በእጃቸው ጠቅሰው ከሥሩ አቆሟት። እናቴ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሐይቁ ስንመለስ ውኃው ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ማዕበሉ ነጭ አረፋ እየደፈቀ የታሰሩትን ጀልባዎች ያላትማል። ባለ ጀልባው ራሱን ነቀነቀ፤ «ዛሬ አይሆንም» አለ። ባለቤቴ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችው፤ እርሱም ሁለቱንም ጊዜ «አይሆንም» ሲል ብቻ መለሰ። የት እንደምናድር ግራ ገብቶን ቆመን ሳለ ያችው ሴት «ቤት ለእንግዳ» አለችና የልጄን ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀብላ ፊት ፊት ሄደች።

ሌሊቱን በዝርዝር ባላወራው ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር ግን ልናገር። የቤቱ ሴት ልጅ የእኔዋ እኩያ ናት። ማምሻውን አባቷ ያመጣውን ቆሮሶ የሚባል ዓሣ አንድ ሣህን ሙሉ ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለእኔዋም ቢላዋ ሰጠቻት። ልጄ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ልጅቷም ብዙ አልተናገረችም፤ እጇን ይዛ ቢላዋውን ከጅራት ወደ ራስ እንዴት እንደምትገፋ ብቻ አሳየቻት። የመጀመሪያው ዓሣ ቅርፊቱ ሲነሣ ግማሽ ሥጋው አብሮ ሄደ። አራተኛው ግን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ዓሣ ይሸታል ብላ አፍንጫዋን ትይዝ የነበረች ልጅ ፊቷ ላይ ሦስት ቅርፊት ተለጥፎ ራት ቀረበች። አልጋውን ለእናቴና ለልጆቹ፣ መደቡን ለእኛ ለቀው እነርሱ ዘመድ ቤት ሄደው ማደራቸውን ያወቅነው ሲነጋ ነው።

ጠዋት ለአሳዳሪያችን ገንዘብ ልሰጣት ብሞክር «ምን ማለት ነው?» ብላ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሦስት ሺህ ብር ከትራስ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ጀልባው ሊነሣ ሲል ትልቁ ልጇ ቁልቁል እየሮጠ ደረሰ። በአንድ እጁ ብሩን እንደተጣጠፈ፣ በሌላው ፓፓያ የሞላ ፌስታል ይዟል። ብሩን ሰጠኝና «ረስታችሁት ነው» አለ። እንዳልረሳሁት እርሱም እኔም እናውቃለን።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አስቀይሜያቸዋለሁ? ካስቀየምኳቸውስ፣ ይህን ያህል ውለታ የዋለን ቤተሰብ ሳላስከፋ በምን ልክሰው? አካባቢውን የምታውቁ ብትመክሩኝ።

ሳምንት ዕረፍት

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እናትዎን እግዚአብሔር ያቆይልዎ። ለውለታው ምክር የለኝም፤ ይልቁንስ እኛም ለፋሲካ ሕፃናት ይዘን ለመሄድ ስላሰብን ጥቂት ነገር ልጠይቅ። ጀልባው ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ነበር? ዋጋውን የተስማሙት አስቀድመው ነው ወይስ ከተመለሱ በኋላ? ሌሊቱን ካደሩስ ባለ ጀልባው ተጨማሪ ጠየቀ?

የእማማ ልጅ

ጃኬት የነበረው ለአዋቂ ብቻ ነው፤ ለወንድ ልጄ ሰፍቶት በነጠላ አሰርንለት፤ ይህን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የልጆችን ጃኬት ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋውን ደርሶ መልስ ብለን ቀድመን ተስማምተን ነበር። ባለ ጀልባው አብሮን አድሮ ተጨማሪ አልጠየቀም፤ የሰጠነውን ግን ያለ ክርክር ተቀብሏል። ምክሬ አንድ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ፤ የምታደርሱት ስለትና ሰውን ሁሉ የምታነጋግር እናት ካለቻችሁ ግን ልብስ ቀይራችሁ ያዙ።

የደምበል ልጅ

እኔ ዛይ ነኝ፤ የዚህ ሐይቅ ደሴቶች ሕዝብ ልጅ። የተወለድኩት ጸደቻ በምትባለው ደሴት፣ እኛ አይሱት በምንላት፣ ሲሆን ያደግሁት ግን ባቱ ከተማ ነው፤ ዛሬ ከሕዝባችን አብዛኛው የሚኖረው በሐይቁ ዳርና በከተሞቹ እንጂ በደሴቶቹ ላይ አይደለም። አያቴ እስካሁን ከደሴቷ ወርዳ አታውቅም፤ ስለዚህ የምናገረው በርቀት አይደለም።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብዎን ያሳርፉ፤ አላስቀየሙም። ተቀይመው ቢሆን ፓፓያው አይመጣም ነበር። ብሩ ብቻውን ቢመለስልዎ ያን ጊዜ ያስቡ ነበር። በፓፓያ ታጅቦ ከመጣ ግን ትርጉሙ «ያደራችሁት በኪራይ አይደለም» ማለት ነው።

ስለ እንግዳ ያለው ልማድ ደግሞ ከሐይቁ ጠባይ የመጣ ይመስለኛል። እርስዎን ያሳደረው ነፋስ እኛንም ያሳድረናል። ከጸደቻ ተነሥቶ ወደ ሌላዋ ደሴት ፉንዱሮ ለለቅሶ የሄደ ሰው ሐይቁ ተነሥቶበት ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በደንገል ታንኳ በሚቀዘፍበት ዘመን ደግሞ ከዚያም ይብስ ነበር። አያቴ «ሐይቁ ያላሳደረው ሰው የለም» ትላለች። ዛሬ እርስዎን የተቀበለች ቤት ነገ ልጇ ሌላ ደሴት ላይ ነፋስ ሲይዘው በሌላ ቤት ይተኛል። ያ ቤት ሒሳብ ቢጠይቅ፣ የሁላችንም ኑሮ ይበላሻል። «እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ» የሚባለው ለሌላው ሰው ተረት ሊሆን ይችላል፤ እኛ ዘንድ የአየር ሁኔታ ነው።

ምን እናድርግ ላሉት፦ ብሩን ተውት። በደሴት ላይ ጀልባ ተሳፍሮ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ይጨምራል። ቡና፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት ይላኩ፤ ያውም «ለልጆቹ» ብለው ሳይሆን በእናትዎ ስም፣ ለአሳዳሪያቸው። ከእናት ለእናት የሚመጣ ቡና አይመለስም። ፎቶ አንሥታችሁ ከሆነም አሳትማችሁ ላኩ፤ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ አንድ መንገደኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት የላከው ነው፤ ስሙን አናውቀውም፤ በየበዓሉ ግን ይነሣል።

መንገደኛ

ከላይ የተሰጠውን አስተያየት አከብራለሁ፤ ሆኖም በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ለሥራ ብዙ ገጠር እዞራለሁ። «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የከተማ ሰው በነጻ በልቶ በነጻ የሚተኛበት ሰበብ ሆኖ አይቻለሁ። አንድ ቤተሰብ አልጋውን ለቆ፣ ያመሻሽ ዓሣውን አብልቶ፣ ለገበያ ሊያቀርበው የነበረውን አጥቶ ሲያድር ወጪ አለበት። ስለ ክብራቸው ብለው እጃቸውን ቢመልሱም ወጪው ይቀራል። እርስዎ አንድ ቤተሰብ ነዎት፤ ታሪክዎን አንብበው በፋሲካ የሚሄዱት ግን ሃያ ሊሆኑ ይችላሉ። ያች ሴት ሃያውንም «ቤት ለእንግዳ» ትበላቸው? ለማደሪያ ተገቢ ዋጋ ተቆርጦ በግልጽ የሚከፈልበት አሠራር ቢኖር የሚጎዳ ሰው የለም። ብሩን ከትራስ ሥር መደበቁ ግን ትክክል አልነበረም፤ በዚህ እስማማለሁ።

የደምበል ልጅ

መንገደኛ፣ የተናገሩት እውነት አለበት፤ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ። ልዩነቱ አስቦ የሚመጣና የመሸበት መሆኑ ላይ ነው። ለጉብኝት ብሎ አቅዶ የሚመጣ ሰው ይክፈል፤ ለአስጎብኚውም፣ ለመኝታውም፣ ለምግቡም ቀድሞ ይነጋገር፤ ይህንን የሚጠላ ሰው ደሴቱ ላይ የለም። የመሸበትን ሰው ግን ማንም አያስከፍልም። የእኒህ ቤተሰብ ችግር የመጡት በአንደኛው መንገድ፣ ያደሩት በሁለተኛው መሆኑ ነው።

በተረፈ ለሃያ ሰው መኝታ የሚሆን ቤት የለንም፤ ስለዚህ የፋሲካዎቹ እንግዶች እባካችሁ የአየሩን ጠባይ ጠይቃችሁ ኑ።

ብራና

ከውለታው ጉዳይ ሳልወጣ፣ እናትዎ ስለታቸውን ለምን ከዚያ ደብር ጋር እንዳሰሩት ለልጆቹ ማስረዳት ከፈለጉ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት፣ ዮዲት (ጉዲት የምትባለው) አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሸሽተው በዚህ ደሴት ላይ ለ70 ዓመት ያህል አኑረዋታል፤ ሰላም ሲሆንም ወደ አክሱም ተመልሳለች። የደብሩ ስም ደብረ ጽዮን የሆነው፣ ኅዳር 21 ቀንም ምእመናን ከሐይቁ ዳር በጀልባ የሚጎርፉት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ጽሑፍ ስለሌለን የታሪክ ተመራማሪ እንደ ትውፊት ነው የሚይዘው፤ ደሴቱ ግን ከጥንት ጀምሮ የብራና መጻሕፍት የተጠበቁበት ቦታ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከርእሳችን ጋር የሚገናኘው ክፍል ይህ ነው፦ ዛዮች ራሳቸውን የሚያዩት እንግዳ ተቀብሎ ደብቆ ያኖረ ሕዝብ አድርገው ነው። ከአክሱም የሸሹት ካህናት ብቻ አይደሉም፤ በ16ኛው ምእተ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜም ከየአቅጣጫው ሰው ወደ ደሴቶቹ እንደሸሸ ይነገራል። ዛሬ ዛይ የሚባለው ሕዝብ በየዘመኑ ሐይቁን ተሻግረው የመጡ ሰዎች ተዋሕደው የፈጠሩት ነው ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም። ከዳር ካሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር እንደልብ መገናኘት የጀመሩትም ዘግይተው፣ በ1870ዎቹ ማብቂያ ዳግማዊ ምኒልክ አርሲን ካስገበሩ በኋላ ነው።

ልሳን

የእማማ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤተሰቡ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ምን ቋንቋ ነበር? እናትዎስ ምን ተረዱ?

የእማማ ልጅ

እናቴ ብዙ ዓመት መርካቶ ጉራጌዎች መካከል የኖረች ስለሆነ መጀመሪያ «ጉራጊኛ ነው» ብላ ጆሮዋን ቀሰረች። ትንሽ ቆይታ «አይ፣ የሐረር ጎረቤቴን አነጋገር ይመስላል» አለች። ራት ላይ ደግሞ ሁለቱንም ትታ «ልገባው እችላለሁ ግን አልገባኝም» ብላ አረፈችው። ከእኛ ጋር አማርኛ፣ ከባለ ጀልባው ጋር ኦሮምኛ፣ እርስ በርሳቸው ያንኑ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ትልቁ ልጅ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቅል ሰምቼዋለሁ።

ልሳን

እናትዎን ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ነበረብን! የዛይ ቋንቋ ከደቡብ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዘመዶቹም ስልጥኛ፣ ወላንኛና ሐረሪ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ግምታቸው ከእውነቱ ሩቅ አልነበረም። የተናጋሪው ቁጥር ጥቂት ሲሆን በከተማ ያሉት ልጆች ወደ ኦሮምኛና ወደ አማርኛ እያዘነበሉ ነው። ውለታ መመለስ ካሰቡ፣ ልጆችዎ ከዚያች ልጅ በዛይኛ የተማሩት ቃል ካለ አይርሱት፤ በስልክም ሲገናኙ በዚያው ሰላምታ ይስጧት።

የእማማ ልጅ

ልጄ የምታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ትርጉሙንም አናውቅም። ዓሣው ከእጇ ሲያመልጣት ልጅቷ እየሳቀች የምትለው ቃል ነው። ሕዝብ ፊት የሚጻፍ መሆኑን ሳላረጋግጥ እዚህ አላሰፍረውም።

ነርሷ

ውይይቱን ላቋርጥ እንጂ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ገብተዋል? እግራቸውን ብቻ ቢሆንም? ዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዝያ ያለበት ውኃ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ይዋኝና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃዋል። ወዲያው ምልክት ላያሳይ ይችላል። ውኃ ከነኩ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የሰገራ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ቀድሞ ቢመረመር ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ቀላል ሕክምና ነው። አሜሪካ ላሉት የልጆቹ ሐኪም «በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቅ ውስጥ ገብተዋል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ አለበለዚያ ላያስብበት ይችላል።

የእማማ ልጅ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንዱ ልጄ ኳስ ለማምጣት እስከ ጉልበቱ ገብቷል፤ እኔም ጀልባውን ስገፋ ገብቻለሁ። ቀጠሮ እናስይዛለን።

መንገደኛ

ይህን ስታነሡ ትዝ ያለኝ፣ ስለ ስጦታ ከሆነ ለልጆች ከረሜላና እስክሪብቶ በመንገድ ማደል የሚባለውን ልማድ ብታስቀሩ ነው። በብዙ ቦታ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው መኪና እንዲጠብቁ አድርጓል። ደብተርና መጽሐፍ መስጠት የፈለገ ለርእሰ መምህሩ ያስረክብ።

የእማማ ልጅ

ከረሜላውን አድለናል። ባለቤቴ ሻንጣ ሙሉ ይዛ ነበር። ይቅር በሉን።

የደምበል ልጅ

ከረሜላ አንድ ቀን አይገድልም፤ አይጨነቁ። ይልቅ አንድ ነገር ላንሣ፤ ብዙ ሰው ስለ ደሴቶቹ ሲጽፍ «ጊዜ የቆመበት፣ ከዓለም የተለየ» ይላል። ጊዜ አልቆመም። ዓሣው እየቀነሰ ነው። ከሐይቁ ውኃ ለአበባና ለአትክልት እርሻ ይሳባል፤ ወደ ሐይቁ የሚገቡት የመቂና የካታር ወንዞችም ገና ሳይደርሱ በመስኖ ይጠለፋሉ፤ እምቦጭም መጥቷል። ያ የእርስዎ አሳዳሪ ባል አንድ ሣህን ቆሮሶ ለማምጣት አባቱ ከሄደበት ርቀት በላይ ሄዶ መረቡን የጣለ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ አይደለም። ያቀረቡላችሁ ራት ከተረፋቸው ላይ ያልነበረ መሆኑን ታውቁ ዘንድ ነው።

የእማማ ልጅ (ከሁለት ወር በኋላ)

የሆነውን ለመንገር ተመልሻለሁ።

እኛ ወደ ሜሪላንድ ከተመለስን በኋላ ለእናቴ የ«የደምበል ልጅ»ን ምክር በስልክ አነበብኩላት። ምክሩን ወደደችው፤ ይሁን እንጂ የራሷን ጨመረችበት። አራት ኪሎ ቡና፣ ጨው፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ያሳተመቻቸውን ዐሥራ ሁለት ፎቶዎች አሽጋ በሾፌሩ አማካይነት ለዚያው ባለ ጀልባ ላከች። በፎቶው ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ተከራክረን ነበር፤ እርሷ እዚህ መድረክ ላይም አንድ ሁለቱን ልለጥፍ ብላ ነበር፤ ሳናስፈቅድ እንዳናደርገው ወሰንን። ስለዚህ ፎቶ አትጠብቁ።

ፎቶዎቹ በደረሱ በሳምንቱ አሳዳሪያችን ለእናቴ ደወለች። ኔትወርክ ለማግኘት ከፍ ወዳለው ቦታ ወጥታ ነው የደወለችው፤ ነፋሱ ይሰማል ብላለች እናቴ። የካቲት 21 ቀን ጃንጥላው ወጥቶ ነበር፤ ይህንን ልትነግራት ነው የደወለችው። ሁለቱ ሴቶች ስለ ጉልበት ሕመም ሃያ ደቂቃ ተነጋገሩ።

ትናንት ደግሞ ባቱ ደርሶ የመጣ ሰው እናቴ ቤት አንድ ማዳበሪያ አውርዶ ሄደ። ውስጡ የዓሣ ቋንጣ ነው፤ እናቴ በግምት ስምንት ኪሎ ይሆናል ትላለች። ከላዩ ላይ ቡናው የተላከበት ከረጢት ታጥቦና ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ውስጡም በርበሬ ሞልተውበታል። እናቴ ስትደውልልኝ ድምጿ የተቆጣ ሰው ይመስል ነበር። «አሁንማ እኔ ባለ ዕዳ ሆንኩ» አለችኝ። ለኅዳር ጽዮን ራሷ ካልሄደች እንደማይሆን ወስናለች፤ ልጄም ትምህርት ቤቱ ይፈቅድልኝ ዘንድ ደብዳቤ ጻፉልኝ እያለች ነው።

የልጆቹ ምርመራ ውጤት ደህና ነው። የእኔ አይደለም፤ መድኃኒቱን ወስጃለሁ። ነርሷ፣ በድጋሚ አመሰግናለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። እናቴ የበሬ ቋንጣ እንጂ የዓሣ ቋንጣ ሠርታ አታውቅም። የደምበል ልጅ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?

የደምበል ልጅ

ሐሤት አደረግሁ። እናትዎ እንደ ሥጋ ቋንጣ በቀጥታ ድስት ውስጥ እንዳይጨምሩት፤ ይመርራል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ ጨው የገባበት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። አጥንቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ያውጡ፤ ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይታይም። ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ያብስሉ፤ ከዚያ ዘይትና ከከረጢቱ በርበሬ ይጨምሩ፤ በርበሬው ከቤት የተዘጋጀ ስለሚሆን ከሚያስቡት ያቃጥላል፣ ግማሽ ይቀንሱ። ቲማቲም አንድ ይበቃል። ቋንጣውን የሚጨምሩት በመጨረሻ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ካለፈ ይፈራርሳል። የቀረውን በማዳበሪያው ውስጥ አይተዉት፤ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በገመድ ይስቀሉት፤ ድመት ካለ ከፍ ይበል።